አባባ ሳይፈቱት የሄዱት ግዝት

አባባ፣

ደብዳቤ ሲጀመር ጤና ይጠየቃል። እርስዎን እንዴት ሰነበቱ ብዬ ብጽፍ ግን የሚመልስልኝ የለም። ስለዚህ የራሴን ልንገርዎ፤ ደኅና አይደለሁም። ከተለዩኝ ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። የሙት ዓመት ተዝካርዎን እንደ አቅሜ አውጥቻለሁ። ፍልሰታ ላይ ስለዋለ ለካህናቱ የቀረበው ሽሮና ተልባ ነው። እርስዎ ቢኖሩ "ጾም ላይ የሞተ አባት ለልጁ አሰበላት" ብለው ይስቁ ነበር። እኔም ይህን አስቤ ሳቄ መጣ፤ ከዚያ እዚያው ጓዳ ውስጥ ሽሮውን እያማሰልኩ አለቀስኩ።

ቤቱ ደኅና ነው። ክዳኑን ከክረምት በፊት አስጠግኜዋለሁ፤ ከመደብዎ በላይ ያፈስ የነበረው አሁን አያፈስም። ላሚቱ ወልዳለች፤ ጥጃዋም እንደ እናቷ ተራጋጭ ናት። መቋሚያዎን ለቤተ ክርስቲያን ሰጠሁ። የጸሎት መጽሐፍዎን ግን አልሰጥም አልኩ። ሴት ልጅ ፊደል ምን ያደርግላታል ሲሉዎት "ታነብበታለቻ!" ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ይኸው አነብበታለሁ፤ ይኸው ዛሬ ለእርስዎ ጻፍኩበት።

ወረቀት ያስያዘኝን ነገር ልንገርዎ። መንገዱ አለቀ። ጣልያን ከከተማው አስነስቶ፣ የበሬሳን ወንዝ አሻግሮ፣ በቤተ ክርስቲያናችን ሥር አድርጎ ወደ ጫጫ የወሰደው የቢስክሌት መንገድ፣ ያ እርስዎ ስሙን እንኳ አልጠራም ያሉት፣ ተፈጸመ። እርስዎ እያሉ ያለቀው ከከተማው እስከ እኛ ደጅ ያለው ብቻ ነበር፤ አሁን ወደ ጫጫ ያለውም ደቃቅ ድንጋይ ለብሶ፣ ግራና ቀኙ ኖራ በተቀባ ድንጋይ ታጥሯል። ካሚዮን የሚያልፍበትን ሌላውን ድልድይ ዘብ ስለሚጠብቀው ያገሬው ሰው አይደርስበትም። በቢስክሌቱ ድልድይ ግን በእግርም ቢሆን ማለፍ ተፈቅዷል።

ባለፈው እሁድ ተመረቀ። ባንዲራቸውን ሰቀሉ፤ መኮንኖቹ በቢስክሌት ተሽቀዳደሙ፤ እኛን ግራና ቀኝ አሰልፈው እልል በሉ አሉን። እንደነገሩ እልል አልን። አንዱ መኮንን ከነቢስክሌቱ ጭቃ ውስጥ ሲገለበጥ ግን ማንም ሳያዘን ከልባችን እልል ያልን አለን። እኔ ከሰልፉ መካከል ነበርኩ፤ እግሬ ግን ከነጩ ድንጋይ አላለፈም። ግዝትዎ ነበረብኝ።

ግዝት ለአፍዎ ቅርብ ነበር አባባ፣ ይህን አይክዱኝም። ጎመን እንዳልቀጥፍ ገዝተውኛል። ጓሮ የምትጭረውን ዶሮ ሳይቀር ገዝተዋል። ራት ሲቀርብ ግን "ጠዋት ምን ብዬ ነበር? በይ ነይ፣ እግዚአብሔር ይፍታሽ" ብለው መስቀሉን ግንባሬ ላይ ያሳርፉ ነበር። ተገዝቼ ያደርኩበት ቀን ትዝ አይለኝም። የመንገዱ ብቻ ነው የተለየው።

ጣልያኖቹ መንገዱን ሲጀምሩት ድንጋይ ከካባው ማጋዝ ሰለቻቸውና የቤተ ክርስቲያኑን አጥር አፈረሱ፤ አጥሩ ሲያልቅ ወደ መቃብሩ ገቡ። የእናቴን መቃብር የከበበውን ቀላ ያለ ድንጋይ፣ እርስዎ ከወንዝ ዳር እየመረጡ በጀርባዎ ያመጡትን፣ በመዶሻ ፈርክሰው ሲያነጥፉት ቆመው አዩ። እነሱ ሲጨርሱ መስቀልዎን ይዘው ደጃፋችን ላይ ቆሙና፣ የዚህ ቤት ሰው ያንን መንገድ ቢረግጥ፣ ድልድዩንም ቢሻገር፣ በጴጥሮስ በጳውሎስ ቃል ገዝቻለሁ አሉ። ያን ዕለት ራት ቀረበ፤ አልፈቱትም። በማግሥቱም አልፈቱትም። እኔም እውነትዎን ነው ብዬ አላስታወስኩዎትም። የእናቴን ድንጋይ ማን ይረግጣል?

ከዚያ ነሐሴ ገባ፤ ከሌሊቱ የሰዓታት ጸሎት ሲመለሱ ብርድ አገኘዎትና ውጋት ጣለዎት። በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ በርትቶ በእናቴ ስም ጠሩኝ። ሐኪም ቤቱ ያለው ወንዙን ተሻግሮ ከከተማው አፋፍ ነው። ሁሴን መጣ፤ ያ ከአልዩ አምባ ጨው የሚያመጣልን፣ አሮጌ ቢስክሌት ገዝቶ እርስዎ "የብረት አህያ" እያሉ የሚቀልዱበት። ከኋላ አስቀምጦ፣ በጋቢ ከራሱ ጋር አስሮ፣ በድልድዩ ሊያሻግርዎት ነበር። "ወላሂ እኔን አልገዘቱኝም፤ እሳቸውም ቢሆኑ በእግራቸው አይረግጡትም፣ ኃጢአቱ በእኔ ይሁን" ብሎ ለመነኝ። አለቀሰ አባባ። እኔ ግን አባቴ የገዘቱትን አባቴን ጭኜ አላፈርስም አልኩ። ግትርነቱን ከማን እንደወረስኩት ያውቃሉ።

በቃሬዛ ወደ ላይኛው መሻገሪያ ወጣን። ሁሴንም አብሮ ተሸከመ። ግማሽ ቀን ፈጀብን፤ ስንደርስ ወንዙ ሞልቶ ዛፍ ይነዳል። ዳር ላይ አሳረፍንዎት። ያኔ ዓይንዎን ገለጡ፤ ትክ ብለው አዩኝ፤ በስሜ ጠሩኝ። "ድልድዩ ወዲያ ነው እኮ፤ እዚህ ምን እንሠራለን?" አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ይህን ቃል ያላሰብኩበት ቀን የለም። ያሉት እርስዎ ነዎት ወይስ ትኩሳቱ? ግዝቱን ረስተውት ነበር? ወይስ እየፈቱኝ ነበር? ይፍቱኝ አባባ ብዬ ወደ ጆሮዎ ጎነበስኩ። ከንፈርዎ ተንቀሳቀሰ እንጂ ድምፅ አልወጣም። ተሸካሚዎቹ ፊት ፊቴን አዩ፤ ቃሬዛውን አንስተን እንመለስ ብል በሩጫ ነበር የሚሄዱት። እኔ ግን ውሃው እስኪጎድል እንጠብቅ አልኩ። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። ውሃው ሳይጎድል እርስዎ ሄዱ።

የነፍስ አባቴ፣ የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም፣ ነይ እኔ ልፍታሽ አሉኝ። እምቢ አልኩ። ከእርስዎ በቀር እንዲፈታኝ የምፈልገው ሰው የለም። ሁሴንም አልወቀሰኝም። ዛሬም ጨው ያመጣልኛል፤ ቢስክሌቱን ግን ከማዶ አቁሞ በእግሩ ነው ደጄ የሚደርሰው። እንዲህ ከሚጠነቀቅልኝ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ትናንት አፈረስኩት። ቢቆጡም አሁን ይቆጡኝ፣ አልደብቅዎትም። ነጠላዬን መስቀለኛ አጣፍቼ፣ መቁጠሪያዎን ይዤ፣ በባዶ እግሬ መንገዱ ላይ ወጣሁ። ቀላ ያለውን ድንጋይ እያየሁ ላልረግጠው አስቤ ነበር፤ ሁሉም ተፈጭቶ አንድ ሆኗል፤ የእናቴን መለየት አልቻልኩም። በየቋጠሮው እግዚኦ እያልኩ ሄድኩ። ከመሬት በታች የምገባ መስሎኝ ነበር። ምንም አልሆንኩም። ድልድዩን አለፍኩ። ቀና ስል ሐኪም ቤቱ ደጅ ላይ ቆሜያለሁ። መቁጠሪያው አራት ጊዜ እንኳ አልዞረም አባባ። ይህን ያህል ቅርብ ነበር። አራት ጊዜ እንኳ አልዞረም።

እዚያው ደጃፍ ላይ ተቀመጥኩ። አንዲት ነጭ የለበሰች ሴት ወጥታ ምን ሆነሽ ነው፣ ማን ታሞብሽ ነው ብላ ጠየቀችኝ። አባቴ አልኳት። የት አሉ ብላ በዙሪያዬ ስትፈልግዎት ተነስቼ ሄድኩ።

ስመለስ በድልድዩ አልመጣሁም። ወንዙን ተከትዬ ወደ ላይኛው መሻገሪያ ወጣሁ። ጥቅምት ነውና ውሃው ከቁርጭምጭሚት አያልፍም፤ ተሻግሬ እርስዎን ያሳረፍንበት ሣር ላይ ፀሐይ እስክትጠልቅ ተቀመጥኩ። ሰው ሁሉ ከእንግዲህ በአዲሱ መንገድ ይሄዳል፤ እዚያ የሚደርስ አይኖርም። እኔ ግን እግሬ እስካለ ድረስ፣ ገበያም ብወርድ፣ ቤተ ክርስቲያንም ብስም፣ በዚያ ዞሬ ነው የምመለሰው። ግዝቱን ፈርቼ አይደለም። መጨረሻ በስሜ የጠሩኝ እዚያ ስለሆነ ነው።

ልጅዎ