ሦስቱ መንግሥታትና የአባባ ግቢ

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ ለጋሼ ሳህሌ፤ ደሴ።

አሰላሙ ዓለይኩም። ለመሆኑ እንደምን ከረምክ? የወገብህ ነገር እንዴት ሆነ? ባለቤትህ ዘሐራስ፣ ልጆቹስ ደኅና ናቸው? የአባባ ሳልስ ቀለል አለላቸው ወይ? እኔና ልጄ ሰሃርላ እዚህ ሲያትል አልሐምዱሊላህ ደኅና ነን፤ ከዚህ ከማያባራ ካፊያ በቀር የምንማረርበት የለንም።

ጋሼ፣ በስልክ ስናወራ አንተም ትጮኻለህ፣ እኔም እጮኻለሁ፣ መጨረሻ ላይ በመስመሩ እናመኻኛለን። ስለዚህ በጽሑፍ ይሻላል አልኩ። ነገሩ የውክልናው ነው። አባባ ግቢውን በኔ ስም ያስመዘገቡ ቀን ማናችንም ጣጣ ይመጣል አላልንም ነበር። አሁን አንተ «ወክዪኝና አፍርሼ ፎቅ ልሥራበት» ትላለህ፤ ታናሻችን ይመር ደግሞ «ለኔ ስጪኝና ልሽጠው» ይላል። እውነቱን ልንገርህ፣ ታላቄ ነህና ላንተ ወስኜ ነበር። ፎርሙን በስምህ ሞልቼ፣ ውል የሚያጸድቀው ኖታሪ ጋ ቀጠሮ ይዤ፣ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼው ነበር። ይኼኔ ነው የሰሃርላ የታሪክ ትምህርት መጥቶ ነገሩን ሁሉ ያመሰቃቀለብኝ።

ሥራዬን ታውቃለህ፣ የተማሪ ባስ ነው የምነዳው። ጠዋት ልጆቹን አራግፌ እስከ ከሰዓት ሐይቁ ዳር ፓርክ አድርጌ እቀመጣለሁ። ሰሃርላ ክፍሏ ውስጥ ስለ ሦስት የእስላም መንግሥታት እንድታቀርብ ታዛ፣ የምትለውን ስልኬ ላይ ቀድታ «ማሚ፣ ስሚልኝ» አለችኝ። ካፊያው መስተዋቱን እያጠበው፣ ባሱ ውስጥ ብቻዬን እሷን ሳዳምጥ ዋልኩ።

ጋሼ፣ ምን ልበልህ! የኢስታንቡል ኦቶማኖች፣ የፋርስ ሳፋቪዶች፣ የህንድ ሙጋሎች፤ ሦስቱም ከትንሽ ነገር ተነስተው በመድፍና በባሩድ ስንቱን አገር አንቀጠቀጡት መሰለህ። ጉሙ ውሃው ላይ ሲንሳፈፍ ዓይኔ ሳይከደን አየኋቸው። ማዶ ያሉት ጥዶች የመስጊድ ሚናራ ሆኑ። ሰማያዊ ጉልላት ከሐይቁ ወጣ። ነገሥታቱን የተሸከሙ ዝሆኖች በባሱ ጎን አለፉ፤ እግራቸው ድምፅ የለውም። ኧረ ደስ ሲል! እዚያው ፈዝዤ ብቀር አልጠላም ነበር።

ደስታዬ ግን አልቆየም፤ ልጅቷ ስለ ወንድማማቾቹ ጀመረች። የኦቶማኑ ሱልጣን ሲሞት ልጆቹ ዋና ከተማው ለመግባት ይሽቀዳደማሉ፤ የነገሠው የቀሩትን ወንድሞቹን በገመድ ያሳንቃል። በፋርስም ተቀናቃኝ ይሆናል የተባለ ወንድም ዓይኑ እንዲጠፋ የተደረገበት ጊዜ አለ። የህንዶቹ ግን ባሰብኝ ወላሂ። ሻህ ጃሃን ታመመ፤ ገና በሕይወት እያለ አራቱ ወንዶች ልጆቹ ጦር ተማዘዙ። ያሸነፈው አባቱን አግራ ምሽግ ውስጥ ዘጋበት። ሽማግሌው ለሟች ሚስቱ ያሠራውን ታጅ ማሃልን ከሩቅ እያየ ስምንት ዓመት ያህል ኖሮ እዚያው ሞተ። ሴቶች ልጆቹም አንዷ ለዚህኛው፣ ሌላዋ ለዚያኛው ወንድሟ ወግነው ነበር አለች። እኔስ የትኛዋ ነኝ? ቦርሳዬን ከጎኔ አንስቼ ወደ ኋላ ወንበር ወረወርኩት።

ጉሙን እንደገና ባየው፣ ምሽጉ መስኮት ላይ አባባ ተቀምጠዋል። ሽርጣቸውን አሸርጠው፣ መቁጠሪያ ሙስበሃቸውን ይዘው፣ እማማ አላህ ይዘንላትና የተከለቻትን የዘይቱን ዛፍ ቁልቁል ያያሉ። አይቆጡም፣ አይናገሩም። አንተም ፎቅህን ብትሠራ፣ ይመርም ቢሸጠው፣ ያቺ ዛፍ መቆረጧ አይቀርም እኮ። ከሰዓት ልጆቹን የምመልስበት ሰዓት እስኪደርስ አለቀስኩ። መቼም ታውቀኛለህ፣ ሞኝ ናት በለኝ።

ቤት ስገባ ለሰሃርላ የናንተን ጭቅጭቅ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳት። እሷ ሆዬ ከስልኳ ቀና እንኳ ሳትል፣ በእንግሊዝኛዋ፣ «አያቴ ራሳቸው ምን አሉ?» ብላ ጠየቀችኝ። ሦስት ልጆች ነን፤ በየቀኑ መድኃኒት ወሰዱ ወይ፣ ሾርባ ጠጡ ወይ፣ ብርድ ልብስ ደረቡ ወይ እንላለን። ስለ ገዛ ቤታቸው ግን አንድ ቀን ጠይቀናቸው አናውቅም። ታመሙ ብለን ከሰው ቁጥር አውጥተናቸዋል። አፈርኩ ጋሼ፣ በጣም ነው ያፈርኩት።

ፎርሙን ቀደድኩና አዲስ ሞላሁ። ውክልናው በአባባ ስም ነው። አዎ፣ በአባባ! ኖታሪ ጋ ፈርሜ ወደ ኤምባሲ ልኬዋለሁ፤ ማኅተም ሲያርፍበት ይደርሳችኋል። ይሽጡት፣ ያፍርሱት፣ ዛፋቸው ሥር ይቀመጡበት፣ የሳቸው ጉዳይ ነው። አንተ ተቆጣኝ፣ እችለዋለሁ። ይመርማ ገና ከአሁኑ ስልኬን ማንሳት ትቷል። ግን እርስ በርስ እንዳትኳረፉ፣ በእማማ ይዤሃለሁ።

ዘሐራን እቅፍ አድርገህ ሰላም በልልኝ። ልጆቹን አንድ በአንድ ሳምልኝ። ይመርን ስታገኘው እህትህ ትወድሃለች በለው፤ ባይመልስልህም በለው። ሰሃርላ አጎቶቿን ሰላም ብላለች። ለአባባ ግን ሰላምታዬን ብቻ አድርሰህ እንዳትነሳ። አጠገባቸው ተቀመጥና «አባባ፣ እርስዎ ምን ይፈልጋሉ?» በላቸው። ከዚያ ዝም በል ጋሼ፤ እስኪመልሱልህ ድረስ ዝም በል።

እህትህ ቢልቂስ

ኮሎምቢያ ሲቲ፣ ሲያትል
ጥቅምት 23 ቀን 2018 ዓ.ም.