አንተ የጻፍከውና እኔ ያነበብኩት

ለውድ ወንድሜ ለጎንፋ ሁንዴሳ፤

ከመቱ ጭቃ ተነሥቶ፣ አንተ እስካለህበት እስከ ሐረርጌ ያለውን መንገድ ሁሉ አልፎ ሰላምታዬ ይድረስህ። ለመሆኑ ጤናህ እንዴት ነው? ያ በብርድ የሚነሣብህ ሳል ተወህ ወይ? ምግቡስ ተስማማህ? እኛ ለአምላክ ምስጋና ይግባውና ሁላችንም ደኅና ነን። እኔ ብቻ ትንሽ ደክሞኛል። ሕመም አይደለምና አታስብ።

ባለፈው ደብዳቤህ «አባባ ተቀይመውኛል እንዴ? ሁለት ክረምት ሙሉ አትምጣ የምትሉኝ ለምንድን ነው?» ብለህ ጠይቀኸኝ ነበር። ይህን ጥያቄ ሦስት ወር በኪሴ ይዤው ዞርኩ። አትምጣ ያሉህ አባባ አይደሉም፤ እኔ ነኝ።

ዳሪሙ ድረስ ሄጄ ደብዳቤህን የማነብላቸው እኔ እንደሆንኩ ታውቃለህ። ግብርና ኮሌጅ ገባሁ ያልክበት የመጀመሪያው ደብዳቤ የደረሰ ዕለት ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቦ ነበር። ድንበር ሲገፋብን የኖረው ጋሼ ኦላና እንኳ ጋቢውን ደርቦ ፊት ለፊቴ ተቀምጧል። ከፍቼ ሳየው ግብርና የሚለው ቃል ከአፌ አልወጣ አለኝ። «አዲስ አበባ ካለው ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ሕግ እንዳጠና ተመደብኩ» ብዬ አነበብኩት። እማዬ እልል አለች። ከዚያ ወዲህ የምትጽፈውን ሁሉ እየለወጥኩ ነው የማነበው፤ ችግኝ ያልከውን የሕግ መጽሐፍ እያደረግኩ።

ለምን ብትል፣ በዚያ ሰሞን ልቤ ቆስሎ ነበር። በመሥሪያ ቤታችን የክፍል ኃላፊው ቦታ ሲለቀቅ፣ አሥራ ሁለት ዓመት ያገለገልኩት እኔ ቀርቼ ከዩኒቨርሲቲ የወጣ የሃያ አራት ዓመት ልጅ ተሾመ። ክፉ ልጅ አይደለም፤ ፋይል የት እንዳለ የሚጠይቀውም እኔኑ ነው። ግን ባለጉዳዩ ሁሉ ብድግ የሚለው ለእሱ ነው። ስሙን እንኳ የሚጠራው የለም፤ «ዲግሪው ገባ፣ ዲግሪው ወጣ» ነው የሚባለው። የእኔ የስድስት ወር የጽሕፈት ኮርስ ወረቀት ግድግዳ ላይ አቧራ ለብሶ ተሰቅሏል። አንተንም እኔን በሚያዩበት ዓይን እንዳያዩህ ፈርቼ ነው።

ውሸቱ ደግሞ ሠራ። አባባን «የዳኛው አባት» ይሏቸው ጀመር። ገበያ ሲመጡ ነጋዴው ጋሼ ታጁዲን ቡናቸውን ከሰው ሁሉ አስቀድሞ ይመዝንላቸዋል። ጋሼ ኦላናም ማንም ሳይጠይቀው አጥሩን ወደ ቦታው መለሰ። ይህን እያየሁ እንዴት አፌን ልክፈት? ብትመጣ ውሸቱ ስለሚገለጥ ነው አትምጣ ያልኩህ።

ዘንድሮ ግን ቡናው ታመመ። ፍሬው ገና አረንጓዴ ሳለ ጥቁር ነጥብ ያወጣና ደርቆ ይረግፋል። ከወንዙ በታች ያለው ማሳ አልቋል ማለት ይቻላል። ባለፈው እሑድ ስሄድ አባባ ከቡናው ሥር ቁጭ ብለው የረገፈውን ይለቅሙ ነበር። «ያ ኢልማ ኮ» አሉኝ፣ ልጄ ሆይ ሲሉ፤ «ጎንፋ ያለበት ያ ትልቅ ትምህርት ቤት የቡና ሐኪም አይጠፋውም። ጻፍለት፤ አንድ ሰው ለምኖ ይላክልን።»

እዚያው ጭቃው ላይ ተቀመጥኩና ሁሉንም ነገርኳቸው። የለቀሙትን ፍሬ መሬት አስቀምጠው «ሐኪሙ የገዛ ልጄ ሆኖ ሳለ ነው ሁለት ክረምት ከደጄ ያራቅኸው?» አሉ። ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር።

ወሬው ወዲያው መቱ ደርሷል። «ግብርና ለመማር ሐረርጌ ድረስ? ዳሪሙ ዶማ ጠፍቶ ነው?» እያሉ ይስቃሉ። የጋሼ ኦላና ሰላምታ ቀዝቅዟል፤ አጥሩም በቦታው የሚቆይ አይመስለኝም። ስትመጣ ይህ እንደሚጠብቅህ እወቅ። ቡናውን አድን ብዬ ሸክም አልጭንብህም፤ የሚቻለውንና የማይቻለውን የምታውቀው አንተ ነህ። እኔ መዋሸቱም፣ ማፈሩም ሰልችቶኛል። ወንድሜ፣ በድዬሃለሁና ይቅር በለኝ።

እማዬ ሳትስምህ ያለፉትን ሁለት ክረምቶች እያነሣች ታለቅሳለች፤ እኔን ግን እስካሁን በደንብ አታናግረኝም። ባለቤቴ ተጂቱ ሰላም ብላሃለች፤ ለሳልህ ማር አስቀምጣልሃለች። እኅታችን ሻሽቱ ስለ አንተ የሚስቅባትን ሁሉ ስትሰድብ ነው የምትውለው። ጋሼ ታጁዲንም ሕግም ይማር አፈር፣ ብቻ ይምጣ ብሏል።

አባባ ሰላምታ አልላኩም። የጠቆረውን ፍሬ በመሐረባቸው ቋጥረው ሰጡኝ፤ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ይደርስሃል። ፍሬውን አይቶ ያቃጥለው፣ መሐረቤን ግን ራሱ ይዞልኝ ይምጣ ብለዋል።

ወንድምህ ነመራ ሁንዴሳ
መቱ፣ ሐምሌ ፪ ቀን ፲፱፻፷፭ ዓ.ም.