ያልታጠፈችው ጣት

ለውድ ልጄ ለፈርዶውሳ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ሐዋሳና ትምህርቱ እንዴት ይዘውሻል? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ ጅግጅጋም ዘንቦላታል።

አባትሽ አሁንም የግመል ገበያው አንደኛ ደላላ ነው። ባለፈው ሳምንት አንድ የሀርሺን ሰው ግመል ሊሸጥ መጣ። እንደ ልማዳችን ከሽርጥ ሥር እጅ ለእጅ ተያይዘን በጣት ስንደራደር፣ ሁለት ጣት ልሰጠው ስል ሦስተኛዋ አብጣ አልታጠፍ አለችኝ። ሰውየው ዋጋ የጨመርኩ መስሎት «ተስማማን!» ብሎ ጮኸ። ገበያው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ።

ሐኪሙ ሰውነቴ ለኢንሱሊን አልታዘዝ እንዳለ ነገረኝ። ኢንሱሊኑ በደሜ ውስጥ ሲበዛ ኩላሊቴ ዩሪክ አሲዱን በደንብ አያስወጣውም፤ ሪህ የሚያመጣውም የእሱ መጠራቀም ነው አለ። ቀላል ነገር ነው! የጠዋት ጉበቴንና ስኳር የበዛበትን ሻይ ትቻለሁ። ገበያውን ለጊዜው አጎትሽ ዐብዲዐዚዝ ይዞልኛል፤ ጣቶቹ ፈጣን ናቸው።

ጽሕፈቱ የእናትሽ መሆኑን አይተሽ እንዳትደነግጪ፤ እኔን ሥራ ይዞኝ ነው። ፊርማው ግን፣ ትንሽ ቢንጋደድም፣ የራሴ ነው።

አላህ በጤና ያገናኘን።

አባትሽ ዐብዲወሊ