ቀኑ የማይገፋው ሆድ

ይድረስ ተማ ወደብ ሄዶ ለቀረው ወንድም ጋሼ ኦፎሱ፣

እንዴት ነህ? እዚያም የምታበሽቀው ሰው ካላጣህ ደህና ነህ ማለት ነው። እኛ ሁላችንም ደህና ነን፤ ፍየልህንም ከእኔ በቀር የሚጣላት የለም።

ወንዙን ወደ ክሊኒኩ የሚያሻግረን የአዲሱ ድልድይ ሥራ ነገር እንዲህ ሆነልህ። ከአክራ የመጣው ኢንጂነር ላርቢ ቁፋሮውን በየሐሙሱ መድቦት ኖሯል። በእኛ ወግ ሐሙስ መሬት የምታርፍበት ቀን ነውና ማን ዶማ ያንሳ?

«ፕሮግራሙ ሐሙስ ነው የሚለው!» ይላል እሱ።

«መሬት ፕሮግራምህን አላነበበችም፣ ልጄ» ይሉታል ሽማግሌዎቹ።

ሥራው ወደ ኋላ ሲጎተት ደመናው እየቀረበ መጣ። ሚስትህ ሴዋ ወንዙ ሞልቶ ክሊኒክ ሳትደርስ ልጃችሁን ስላጣችበት ስለ አምናው ክረምት አታወራም፤ ወንዙ ዳር ቆማ ውሃውን ማየት ብቻ ሆነ ሥራዋ።

እኔ አላስችል ብሎኝ እጇን ይዤ ቢሮ ገባሁና የኢንጂነሩ ወንበር ላይ አስቀመጥኳት። «ጌታው» አልኩት ሆዷን እያሳየሁ፣ «ያንተ ቀን ይገፋል፤ የዚች ግን አይገፋም።»

ሴዋ ቆነጠጠችኝ። እሱ ግን አልሳቀም። እዚያው ቁፋሮውን ወደ ማክሰኞ፣ የእንጨት ሥራውን ወደ ሐሙስ አዛወረ፤ ቀለም መቀባቱንም ከክረምቱ በኋላ አደረገው።

ትናንት ወንዙ ሞላ። ሴዋ ግን ቀለም ባልነካው ድልድይ ቀድማ ተሻግራ፣ ክሊኒኩ አጠገብ አክስታችን ቤት ጋደም ብላ እኔን ትሳደባለች። ቀኗ ደርሷልና አንተም ከሥራህ ቶሎ ፈቃድ ጠይቅ።

እናታችን ከስንት ጊዜ በኋላ እንቅልፍ ወስዷት አልቀሰቅሳትም ብዬ ነው እንጂ፣ ሰላምታዋን እዚህ ላይ እጽፍልህ ነበር።

የማያርፈው ታናሽህ፣ ኳጆ