ባለቤቴ ያገኘው ዘፋኛችን

ቀጮዬ፣ እንዴት ነሽልኝ? እኔ በቅናት እያረርኩ ነው። ካሴቱን በእስክሪብቶ እያጠነጠንን ስንሰማው ያደግነው ዘፋኛችን ለካ የሚኖረው እዚህ ከተማ ነው። ያገኘው ግን ባለቤቴ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም። ትናንት ጠዋት ፀጉሩን ሊቆረጥ ሄዶ፣ ጎን ለጎን ተቀምጠው ግማሽ ሰዓት ሲጫወቱ ቆዩ። ማን መሆኑን እንኳ አላወቀም። «አንድ ጨዋታ አዋቂ ሽማግሌ አገኘሁ፤ ድሮ ዘፋኝ ነበርኩ አሉኝ» ብሎኝ እርፍ። ስሙን ሲነግረኝ በነጠላ ጫማ በረርኩ። ፀጉር አስተካካዩ ወለሉን እየጠረገ «አሁን ወጡ» አለኝ። እኛ ሰፈር ቢሆን ኖሮ ገና ከወንበሩ ሳይነሳ ወሬው ይደርሰኝ ነበር፤ እዚህ ግን ማንም ትንፍሽ አይልም።

የባሰውን ስሚ። ዘፋኛችን ገና ያልወጣ ዘፈኑን አንጎራጉሮለት «ልጄ፣ እንዴት ነው?» ብሎ ጠይቆታል። ዜማ የማይገባው ባለቤቴ ደግሞ «ትንሽ ረዘም ይላል» አላለውም መሰለሽ? ከዚያ ወዲህ አኩርፌዋለሁ። ግን ቁርስ ላይ አላስችል ብሎኝ «እስኪ ድገምልኝ» አልኩት። እያበላሸ አንጎራጎረልኝ፤ እኔም ዓይኔን ጨፍኜ ሰማሁት።

እማማን ሳሚልኝ፣ ልጆቹንም። ፖስት ካርዱ ሞላ። ባለቤቴን ይዤው እመጣለሁ፣ ዜማውን ያንጎራጉርልሻል፤ አንቺም ቅኚበት።