ጤዛው ሳይረግፍ ስለጎበኙት ቃሪያዬ

ለተከበሩ የመስክ ቀን አዘጋጅ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ባሉበት

አሰላሙ ዐለይኩም። እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ ማሳችንን የረገጡበት ነጭ ጫማዎም በሙሉ ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነኝ። አርዲቦ ሐይቅ ዳር ያለው የቲማቲምና የቃሪያ ማሳዬ ግን ታሟል፤ ለዚህ ያደረጉትን አስተዋፅኦ ሕዝብ ፊት ሳላመሰግን ብቀር ነውር ይሆንብኛል።

1. ባለፈው ወር ስልሳ እንግዶች አስከትለው ስለመጡልኝ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው። እንግዶቹን አስቀድመው ወደ ጎረቤቴ ወደ ኑርዬ ማሳ ወስደው፣ ጥቁር ነጠብጣብ የወጣበትን ቅጠል አንድ በአንድ እንዲዳስሱ ጋበዟቸው። ከዚያም ወደ እኔ አሻግረው፣ ጤነኛ ቅጠል ምን ያህል እንደሚለሰልስ በዚያው ጣታቸው እንዲያመሳክሩ አደረጉ። ሰዓቱ ከጠዋቱ አንድ ነበር፤ ጤዛው ገና አልረገፈም።

2. በሽታው የባክቴሪያ መሆኑን፣ በእርጥብ ቅጠል፣ በእጅና በልብስ ከማሳ ማሳ እንደሚዛመት በድምፅ ማጉያ ግሩም አድርገው አስረዱን። ይህን ያስረዱን እርጥቡ ቃሪያዬ መካከል ቆመው ነው። ትምህርቱ በተግባር የተደገፈ ስለነበር በአሥራ ሁለተኛው ቀን ነጠብጣቡ ወጣ፤ የወጣውም እንግዶቹ ባለፉበት መስመር ነው። ባለቤቴ ኑርሀያት ነጠብጣቡን እየተከተለች ሄዳ እርስዎ የቆሙበትን ቦታ ሳትሳሳት አገኘችው።

3. ስለላኩልኝ መድኃኒትም እግዜር ይስጥልኝ። ማሸጊያው ላይ «ለፈንገስ» ይላል። ሦስት ጊዜ ረጨሁት። በማሳዬ አንድም ፈንገስ የለም፤ ቀድሞም አልነበረም።

4. አሁን ደግሞ የፊታችን ሐሙስ የጎረቤታችንን የመስኡዳን ማሳ ሊጎበኙ መሆኑን ሰማን። በመንደራችን ነጠብጣብ ያልነካው የቀረ ማሳ ይኸው ብቻ ነው። ከጂዳ የተመለሰችው ልጇ ኢቲሳም ቃሪያው ለገበያ ከደረሰ ዳግመኛ ላትሄድ ቃል ገብታለች። መስኡዳ ግን እምቢ ልትልዎ አልቻለችም፤ «እንግዳ ደጄ ድረስ መጥቶ ‹አትግባ› ከምል ቃሪያው ይቅር» ትላለች። ኢቲሳም ደግሞ «እማ፣ ቃሪያው ከቀረ እኔም ጂዳ ነኝ» ስትል ትመልሳለች።

እኛ ጎረቤቶች ተመካክረን እናትንም ልጅንም የሚያስማማ መላ አገኘን። ሐሙስ ጠዋት ከአጥሩ ውጭ፣ ዋርካው ሥር ቁርስ ይቀርብልዎታል። ቁርሱ እንዳለቀ ምሳ ይከተላል። ምሳውን ሲጨርሱ ፀሐይዋ ጤዛውን ጠርጋ ትጠብቅዎታለች። ውኃና ሳሙና የያዙ ሁለት ጎረምሶች የእንግዶቹን እጅ ያስታጥባሉ፤ ከዚያ ሁላችሁም በአጥሩ ላይ አሻግራችሁ የልባችሁን ያህል ታያላችሁ። እንግዳ ከደጅ አልተመለሰም፤ ቃሪያውም አልተነካም። የአጥሩን በር የምጠብቀው እኔ ነኝ፤ ያልተጠበቀ በር ምን እንደሚያስገባ ልምዱ አለኝና።

እጅዎ ከቅጠሌ ላይ እስኪነሣ በትዕግሥት የጠበቀው፣ የደከመው ግን ያልተቀየመው አክባሪዎ፣
ሙሀይሚን
ከአርዲቦ ዳር

ማሳሰቢያ፦ በዚያ ዕለት በእጅዎ የሰጡኝ የአርአያ አርሶ አደር ምስክር ወረቀት ግድግዳዬ ላይ ተሰቅሏል። እስካሁን ነጠብጣብ አልወጣበትም። ወደ ቤቴ ጎራ ካሉ እባክዎ እንዳይነኩት።