የማዳም ኑሃ ሥጋ እና ያንቺ በሶ

ጅዳ፣ በኒ ማሊክ
ረጀብ 17 ቀን 1447

ለውድ ልጄ ለፈሪዳ፣

አሰላሙ ዐለይኪ ወረሕመቱላህ። እንደምን ሰነበትሽ የኔ አበባ? የአክስትሽ የዘሀራ ጉልበትስ ተሻላት? እኔ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነኝ፤ ሥጋ በሥጋ ሆኛለሁ። ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልሽ ሙሐመዲን ነው፤ ዑምራውን ጨርሶ ወደ ከሚሴ ሊመለስ ነው። ስልክ እያለ ለምን እንደጻፍሁ ቆይቶ ይገባሻል። በሚመጣው ወር በሻዕባን ለኒካሕሽ እመጣ እንደሆነ ደጋግመሽ ጠይቀሽኛል። እመልስልሻለሁ፤ መጀመሪያ ግን የዚህን ቤት ጉድ ስሚ።

ማዳም ኑሃ ከአረፋ ወዲህ ከሥጋ በቀር አትበላም። በስልኳ አንድ ጡንቻውን የሚያሳይ ሰውዬ አየች። ዳቦ መርዝ ነው፣ ሩዝ መርዝ ነው ሲላት አመነችው። በማግስቱ ሩዙን ከነጆንያው፣ ምስሩን፣ ሽንኩርቱን፣ ከመዲና የመጣውን ቴምር ሳይቀር ጠራርጋ አስወጣችኝ። ቤት ውስጥ ካለ ያምረኛል አለች። ሠራተኛዋ ሰዓዳስ፣ እኔስ፣ ምን ትበላለች ብሎ የጠየቀ የለም። ከማዳም የተረፈውን ነዋ።

ጠዋት አራት እንቁላል በበግ ላት እጠብሳለሁ። ቀን ጎድን፣ ማታ ጉበት ወይም የተፈጨ ሥጋ። ቅመም የለም፣ ጨው ብቻ። ወጥ ብዬ ባቀርብልሽ ሳህኑን መልሰሽ የምትሰጭኝ ዓይነት ነገር ነው። ሂጃቤም መስገጃዬም ላት ላት ይሸታል። በዒድ ብቻ እናየው የነበረውን ሥጋ ዛሬ ገና ስቆርጠው ፊቴን አዞራለሁ፤ አላህ ይቅር ይበለኝ።

ባሏ አብዱረሺድ ከሷ አይሻልም። መካ፣ ሚስፈላ ውስጥ ለሑጃጅ መስገጃ የሚሸጥበት ሱቅ አለው። ቤት ሲገባ "ማሻአላህ፣ ሰውነቴ ቀለለኝ" እያለ ከሷ ጋር ጎድን ይግጣል። ልብሱን የማጥበው ግን እኔ ነኝ፤ ከደረት ኪሱ የሩዝ ፍሬ እለቅማለሁ። ያ ሁሉ ጢም ያለው ሰው ሚስቱን ፈርቶ ምሳውን ተደብቆ ይበላል። አሠሪዬ ተብሎ የተመዘገበው፣ ከፊሌ፣ እሱ ነው፣ የመውጫ ወረቀቴንም የሚያወጣልኝ እሱ ነው፤ እሷ እሺ ካላለች ግን ጣቱን አያነሳም። ሁለቱም ሻዕባን ሲገባ ትሄጃለሽ ብለውኝ ነበር።

አንቺ የላክሽልኝ በሶ የደረሰኝ በዚህ መሀል ነው። የልብስ ሳሙና ካርቶን ውስጥ ደበቅሁት። በቀን አንድ እፍኝ በውሃና በጨው በጥብጬ እጠጣለሁ፤ ያኔ ሰው የሆንሁ ይመስለኛል። በሳምንቱ ጎደለብኝ። አይጥ ነው ብዬ ነበር፤ አይጥ ግን ካርቶን መልሶ አይዘጋም።

አንድ ቀን ከዙህር በኋላ ልብስ አስጥቼ ስመለስ ማዳም አልጋዬ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ካርቶኑ ጭኗ ላይ ነው፤ አፏ ዙሪያውን ዱቄት ሆኗል። ዳቦን ሐራም ያደረገችው ሴትዮ የሠራተኛዋን በሶ በደረቁ ትቅማለች። ስታየኝ ትን አላት፤ ውሃ ሰጠኋት።

"ወላሂ፣ ለማንም እንዳትናገሪ" አለችኝ።

ዝም ብዬ ብወጣ ኖሮ ጥሩ ነበር። የኔ ጥፋት እዚህ ላይ ነው። ናቅኋት፣ ንቀቴም አስታበየኝ። በሶ እንዲህ አይበላም ብዬ በቅቤ አሸሁላትና ጠቅልዬ አጎረስኋት። ልጄ ናት የቆላችው፣ እንደሷ አድርጎ የሚቆላ በአገሩ የለም ብዬ ጉራዬን ነዛሁ። ወረቀቴስ ስላት፣ አፏ ሞልቶ "ኻላስ፣ ትሄጃለሽ" አለች። አሸነፍኋት ብዬ ደስ አለኝ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ በቀን ሁለቴ አሽላታለሁ። የባሏ እኅቶች ሲመጡ ጎድኑን ፊቷ ደርድራ፣ ከአረፋ ወዲህ እህል ባፌ አልዞረም ትላቸዋለች። እነሱም በጽናቷ ይደነቃሉ። እኔ ትሪ ይዤ ከኋላዋ ቆሜአለሁ። ሚዛኗ ንቅንቅ አላለም፤ እሷ እንደምትለው ለዚህም ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ፣ ጮማ እያበዛሁባት።

ባለፈው ሳምንት ሻንጣዬን አውርጄ ስጠርግ አየችኝ።

"አንቺ ከሄድሽ ያንን ማን ያሽልኛል?" አለች። "ልጅሽ ሌላ ትላክልሽ። ያንቺን መሄድ ከረመዳን በኋላ እናያለን።"

ከሐበሻ ሱቅ በሶ አስገዝቼ አቀረብሁላት። ቀምሳ ተፋችው። የልጅሽን ነው የምፈልገው አለች፤ የገዛ ጉራዬን መለሰችልኝ። አብዱረሺድን ለመንሁት። ወለሉን እያየ፣ ማዳምን ጠይቂ አለኝ። ይኸም ወንድ ተብሎ ይቆጠራል።

ከቤቱ ጠፍቼ ለፖሊስ እጄን ልስጥ ብዬም አስቤአለሁ። ሹመይሲ እስር ቤት አስገብተው አገሬ ይመልሱኛል። ግን እዚያ ሳምንት ልቆይ ወር ልቆይ ማን ያውቃል፤ እንደዚያ ከወጣሁ ደግሞ ተመልሼ አልገባም። ወንድምሽ ሱፍያን ትምህርቱን ሳይጨርስ ይህን በር መዝጋት አልችልም።

እንግዲህ መልሴ ይኸውልሽ። አልመጣም። በስልክ ብነግርሽ ዝም ትያለሽ፤ ያንቺን ዝምታ አልችለውም። ኒካሕሽን አጎትሽ ኢድሪስ ባለበት ይሰሩልሽ፤ በእኔ ቦታ ዘሀራ ትቀመጥ። ያሳደገችሽ እሷ ናት፤ የሚገባትም ነው።

አንድ አደራ አለኝ። በሶ እንዳትልኪ። በማንም እጅ፣ ለምኜሽም ቢሆን አትላኪ። አልቋል ብዬአታለሁ። በሶው ከሌለ ደግሞ እኔ ለሷ ሥጋ ጠባሽ ብቻ ነኝ፤ ሥጋ ጠባሽ በየቤቱ ሞልቷል፤ ያኔ ምናልባት ትለቀኝ ይሆናል።

አላህ ትዳርሽን ያሳምርልሽ። በቤትሽ እህል አይጥፋ፤ ባልሽም ፊትሽ የሚበላውን ከኋላሽ የሚበላ ይሁን። ዱዓ አድርጊልኝ።

እናትሽ ሰዓዳ

አልቋል ያልሁት ለሷ ነው እንጂ አላለቀም። አንድ እፍኝ በመሐረብ ቋጥሬ ትራሴ ውስጥ ሰፍቼአታለሁ። የኒካሕሽ ዕለት፣ እንግዶችሽ ለምሳ ሲቀርቡ፣ እኔም በውሃ በጥብጬ እጠጣታለሁ።